እጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ የእርጅና አይደለም፦ የፓርኪንሰንን ሕመም ለይቶ የማወቅ፣ የማሳከምና በቤት የመንከባከብ መመሪያ

አባቴ በድሬዳዋ ምድር ባቡር የጥገና ክፍል ከ30 ዓመት በላይ የሠሩ፣ ብሎን በጣታቸው ዳብሰው ቁጥሩን የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው፣ እርስ በርስ መፋተግ ጀመሩ። ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ፤ አንዱ ምች ነው፣ ሌላው ዓይን ነው፣ አብዛኛው ደግሞ እርጅና ነው አለ። እኛ ልጆቻቸውም የመጨረሻውን አምነን ሁለት ዓመት ዝም አልን። ዝምታችንን የሰበረው እጃቸው ሳይሆን ፊርማቸው ነበር። የጡረታ ገንዘባቸውን ሊቀበሉ ሄደው «ፊርማዎ ከዱሮው ጋር አይመሳሰልም» ተብለው ሲመለሱ ወረቀቱን አየሁት፤ ፊደሎቹ ከመነሻው ወደ መድረሻው እያነሱ ሄደው መጨረሻ ላይ የጤፍ ቅንጣት አክለዋል።

የጽሕፈት ማነስ ከፓርኪንሰን ሕመም ቀደምት ምልክቶች አንዱ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው በድሬዳዋና በሐረር ያለ ሌላ ቤተሰብ እነዚያን ሁለት ዓመታት እንዳያጣ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የማካፍለው ከአባቴ ሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትንና መድኃኒቱ በሰዓቱ ሲሰጥም ሲዘነጋም በቤታችን ያየሁትን ነው።

በቅድሚያ፦ በሽታው ምን እንደሆነና ከምን እንደሚነሣ መረዳት

ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ወገባቸው የጎበጠና ሲራመዱ ወደ ፊት የሚንደረደሩ ስድስት ሰዎችን ገልጾ ነበር፤ በሽታው ዛሬ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። በአንጎላችን መካከለኛ ክፍል ጥቁር ቀለም ያላት ትንሽ ቦታ አለች፤ በዚያ የሚገኙት ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመርታሉ። አንጎል እንቅስቃሴን አሳክቶና አሳልጦ የሚያዘው በዶፓሚን አማካይነት ስለሆነ፣ እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ እጅና እግር ትእዛዙን ዘግይተው ይቀበላሉ። የእጅ መንቀጥቀጡ ለዓይን በሚታይበት ጊዜ ከሕዋሳቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ እንደጠፉ ይገመታል፤ ስለዚህ በሽታው እኛ ባየነው ቀን የጀመረ አይደለም።

ሕዋሳቱ ለምን ይሞታሉ ለሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ አንድ ምክንያት ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። በሕዋሳቱ ውስጥ አልፋ ሳይኑክሊን የተባለ ፕሮቲን ተጠቅልሎ እንደሚከማች ይታወቃል። ዕድሜ ዋነኛው አጋላጭ ነው፤ ብዙ ሰው ከ60 ዓመት በኋላ የሚታመም ሲሆን ከ50 በታች የሚጀምራቸውም አሉ። በጥቂት ቤተሰቦች በዘር ይወረሳል። እንደ ፓራኳት ያሉ የአረምና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎችም ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ጫትና አትክልት ላይ መርጨት የተለመደ በሆነበት በሐረርጌ ምድር፣ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ የሚረጩ ወንድሞቻችን ይህን በቁም ነገር እንዲመለከቱት እለምናለሁ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከታማሚው ጋር በአንድ ትሪ መብላትም ሆነ ማጉረስ የሚያስከትለው ጉዳት የለም።

ደረጃ 1፦ በቤት ውስጥ ማስተዋል

ፓርኪንሰንን የሚያረጋግጥ የተለመደ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚመረኮዘው በሚያየውና በሚሰማው ላይ ነው፤ ስለዚህ አብሮ የሚኖር ሰው ምስክርነት ከማንኛውም የላቦራቶሪ ወረቀት አያንስም።

ከሁሉ አስቀድመው መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣ ይለዩ። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በአብዛኛው የሚታየው እጅ ጭን ላይ አርፎ ሥራ በፈታበት ሰዓት ነው፤ ሰውየው ሲኒ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ ይቀንሳል ወይም ለጊዜው ይጠፋል። በተቃራኒው እጁ ሲያርፍ ጸጥ ብሎ፣ ሲኒውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ቡናው የሚፈስስበት ሰው ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊኖረው ይችላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እጆች የሚታይና በቤተሰብ የሚወረስ ነው። ፓርኪንሰን ግን በአንድ ወገን ጀምሮ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ቀድሞ የተያዘውም ወገን እስከ መጨረሻ የባሰ ሆኖ ይቀራል። የታይሮይድ ዕጢ ሕመምም እጅ ስለሚያንቀጠቅጥ ሐኪሙ ያንን በደም ምርመራ ማጣራቱ አይቀርም።

ሆኖም መንቀጥቀጥ የግድ የለም፤ ከሕመምተኞቹ ውስጥ ቀላል የማይባል ቁጥር ያላቸው ጨርሶ አይንቀጠቀጡም። ዋናው ምልክት የእንቅስቃሴ መዘግየት ነው። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን በፍጥነትና በሰፊው እየከፈቱ ደጋግመው እንዲያነካኩ ይጠይቋቸው፤ ከአሥር ጊዜ በኋላ እየጠበበና እየዘገየ ከሄደ ልብ ይበሉ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስ፣ ነጠላ ማጣፋት ከዱሮው እጥፍ ጊዜ ይወስድባቸዋል? ሲራመዱ አንደኛው ክንድ ሳይወዛወዝ ከጎን ተጣብቆ ይቀራል? ክንዳቸውን ይዘው ሲያጥፉትና ሲዘረጉት ዝገት እንደያዘው ማጠፊያ እየተያዘ ይለቀቃል? ፊታቸው ስሜት አጥቶ፣ ያልተቆጡትን የተቆጡ ያስመስላል? ድምፃቸውስ ደክሞ «ምን አሉ?» መባል አብዝቷል? እናቴ ለወራት አባቴ ያኮረፏት መስሏት አዝና ነበር፤ ፊታቸውን ያደነደነው ግን ኩርፊያ ሳይሆን በሽታው ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ በዓመታት ቀድመው የሚመጡ፣ ማንም ከፓርኪንሰን ጋር የማያያይዛቸው ምልክቶችም አሉ። እነርሱም ሽታ ማጣት፣ የማይለቅ የሆድ ድርቀት፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ እንዲሁም በሕልም እየጮኹና እየተማቱ መተኛት ናቸው። ቡና ሲቆላ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት አባቴ «ቡና የለም እንዴ?» ብለው የጠየቁበትን ቀን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ደረጃ 2፦ ወደ ሐኪም ከመሄድ በፊት መዘጋጀት

በምርመራ ክፍል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሲራመዱ፣ ከወንበር ሲነሡና እጃቸው ሲያርፍ የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በስልክዎ ይቅረጹ። ከዓመታት በፊትና ዛሬ የጻፉት ወረቀት ካለ ሁለቱንም ይያዙ። ምልክቱ በየትኛው እጅ ወይም እግር መቼ እንደ ጀመረም ይጻፉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ቆርቆሮውንም ካርቶኑንም፣ በፌስታል አድርጎ መሄድ ነው። ዶፓሚንን የሚያግዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ፓርኪንሰንን የሚመስል ሕመም ራሳቸው ይፈጥራሉና። ከእነዚህ መካከል ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠውና ብዙ ሰው ፕላሲል በሚል ስም የሚያውቀው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለማዞር የሚታዘዘው ሲናሪዚን ይገኛሉ። ምክንያቱ መድኃኒት ከሆነ በሐኪም ትእዛዝ ሲቋረጥ ምልክቱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በአብዛኛው ይለቃል። አንድ ጊዜ አባቴ በሆድ ሕመም የሄዱበት ክሊኒክ ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ሳይጠይቅ ይህንኑ የማቅለሽለሽ መርፌ ወጋቸው፤ ለሁለት ቀን ከአልጋ መነሣት አልቻሉም። የደንገጎን ጠመዝማዛ አቀበት ስትወጡ ለሚያቅለሸልሻቸው ሕመምተኛ ያለ ማዘዣ ኪኒን ከመግዛት ተጠንቀቁ የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ደረጃ 3፦ ተገቢውን ሐኪም ማግኘት

በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ በሐረር ደግሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና ሆስፒታል አሉ። መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይዩና የነርቭ ሐኪም እንዲያያቸው ይጠይቁ፤ በቅርብ ካልተገኘም ሪፈር ያጽፉ። የአንጎል ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ቢታዘዝ በአብዛኛው እንደ ስትሮክና ዕጢ ያሉ ሌሎች ምክንያቶችን ለማስወገድ እንጂ ፓርኪንሰንን ለማረጋገጥ አይደለም። ምልክቱ በአንድ ቀን ድንገት ከመጣ፣ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ መውደቅ ካለ ወይም ታማሚው ከ40 ዓመት በታች ከሆነ ይህን ለይተው ይናገሩ፤ ሐኪሙ ሌላ በሽታ እንዲፈልግ የሚያደርጉ ፍንጮች ናቸው።

ደረጃ 4፦ መድኃኒቱን ማወቅ

የጠፉትን ሕዋሳት የሚመልስ ወይም የበሽታውን ጉዞ የሚያቆም መድኃኒት እስከ አሁን የለም። ነገር ግን ምልክቶቹን በእጅጉ የሚያቀልል መድኃኒት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ሌቮዶፓ ይባላል። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል መሻገር ስለማይችል፣ ሌቮዶፓ ተሻግሮ እዚያ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። አብሮት የሚገኘው ካርቢዶፓ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በመንገድ እንዳይባክንና እንዳያቅለሸልሽ ይጠብቀዋል። ሁለቱ በአንድ ኪኒን ስለሚሠሩ በካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች ያያሉ፤ 250/25 ማለት 250 ሚሊግራም ሌቮዶፓና 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ማለት ነው። 100/25 እና 100/10ም አሉ። ፋርማሲው ሌላ ስም ያለው ቢሰጥዎ ከስሙ ይልቅ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያስተያዩ፤ ከተለያዩ ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይስጡ።

መጠኑ በጥቂት ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያቅለሸልሻቸው በደረቅ ዳቦ ቁራሽ መውሰድ ይረዳል። ከዓመታት በኋላ መድኃኒቱ የሚሠራበት ሰዓት እያጠረ ሊሄድና የሚቀጥለው ኪኒን ሰዓት ሳይደርስ መገተሩ ሊመለስ ይችላል። በሌላ ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱ በበረታበት ሰዓት ሰውነት ያለ ፈቃድ ይወራጫል። ሁለቱም የሚስተካከሉት የሰዓቱን ክፍፍልና መጠኑን በመለወጥ ስለሆነ፣ የትኛው በስንት ሰዓት እንደሚታይ በደብተር መዝግበው ለሐኪሙ ያሳዩ።

አርቴን በሚል ስም የሚታወቀው ትራይሄክሲፌኒዲል ለመንቀጥቀጥ ይታዘዛል፤ በአረጋውያን ላይ ግን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይከለክላል፣ ሐሳብንም ያምታታል። ላብንም ስለሚቀንስ በድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። አባቴ ይህን ሲወስዱ በሞቀ ከሰዓት በቤቱ የሌሉ ሰዎችን ያናግሩ ጀመር፤ ሐኪማቸው ቀስ በቀስ አስቆመው፣ አእምሯቸውም ተመለሰ። ፕራሚፔክሶልና ሴሌጂሊንን የመሳሰሉ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ፤ ለተመረጡ ሕመምተኞችም አንጎል ውስጥ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያስገባ ቀዶ ሕክምና ይሠራል።

ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት መድረቅና ራስን መሳት ሊያስከትል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ገና የአሥር ቀን መድኃኒት ሲቀር መፈለግ ይጀምሩ፤ ከፀሐይና ከሙቀትም አርቀው ያስቀምጡት። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒኑን ይዞ ይጠመቅ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣም ከሁለት ቀን ትርፍ መድኃኒት ጋር ይውጣ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ከምግብ፣ ከጾምና ከጫት ጋር ማስታረቅ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቡር ሰዓት የኖሩ ስለሆኑ ይህን ደረጃ ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ተረድተውታል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኪኒናቸውን በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይወስዳሉ፤ ምግብ የሚቀርበው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ሲገባ ከፕሮቲን ጋር በአንድ በር ይጋፋል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ብቻ ሳይሆኑ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን ስለሆኑ ጾም ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። ፕሮቲንን መተው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ኪኒኑን ማስቀደም ወይም ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። የብረት ኪኒንም ከሌቮዶፓ ጋር በአንድ ጊዜ አይወሰድ። ባቄላ በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለው፤ መጠኑ ግን ከእሸት እሸት ስለሚለያይ ኪኒኑን ይተካልኛል ብሎ መመገብ አደገኛ ነው።

በረመዳን ከሱሑር እስከ ኢፍጣር ያለው ርቀት በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ረጅም ነው። ሃይማኖቱ ለታማሚ ፈቃድ እንደሰጠ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ከሐኪሙም ከኢማሙም ጋር መነጋገር ይሻላል።

ስለ ጫት መሸሸግ አይገባም። የከሰዓቱ በርጫ የምግብና የኪኒን ሰዓት ያስረሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍም ይነሣል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ስለሆነ፣ ሴሌጂሊን የሚወስድ ሰው ቢቅም የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊያሻቅብ ይችላል። ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩ።

ደረጃ 6፦ ቤቱንና አካሄዱን ማመቻቸት

የአካል እንቅስቃሴ ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆም ሕክምና ነው። በድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር ጥላማና ሜዳማ ጎዳናዎች ጠዋት ለዚህ የተመቹ ናቸው። እርምጃውን ሰፋ፣ ክንዱን ወዝወዝ እያደረጉ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድን ልማድ ያድርጉ።

በጠባብ ቦታ፣ በበር መግቢያና በመታጠፊያ ላይ እግር መሬት ላይ ተጣብቆ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የጀጎል ጠባብ መተላለፊያዎች ለእንዲህ ያለ ሰው ፈታኝ ናቸው። ይህ ሲገጥም አይጎትቷቸው፤ ጎትቶ ማስኬድ ይጥላል። ቁሙ፣ ተንፍሱ፣ ከዚያም «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ይቁጠሩላቸው ወይም እግርዎን ከፊታቸው አጋድመው «ይህን ይሻገሩ» ይበሏቸው። የሚሻገሩት መስመር ሲያገኙ እግራቸው ይለቀቃል። እኛ በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ወለል ላይ በነጭ ቀለም አራት መስመር አሰምረናል።

በሐረር ቤት ነደባ (መደብ) ላይ ወይም በምንጣፍ መቀመጥ ክብር ቢሆንም ከዝቅታ መነሣት ለእነርሱ ከባድ ስለሆነ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ደልደል ያለ ከፍ ያለ ወንበር ያዘጋጁ። የሚንሸራተት ምንጣፍ ያንሡ፤ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑረው። ሲነሡ የደም ግፊታቸው ወርዶ ሊያዞራቸው ስለሚችል አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ቁጭ ብለው ይነሡ። ውኃ በብዛት ይጠጡ፤ ፓፓያ፣ ዘይቱንና ተልባ ለሆድ ድርቀቱ ይረዳሉ። ለሚደክመው ድምፅ በየቀኑ ጮክ ብሎ ማንበብ ጥሩ ልምምድ ነው፤ አባቴ ዳዊት ይደግማሉ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ ቁርኣን ይቀራሉ፤ ከግንቡ ወዲያና ወዲህ ሲሰሙ የሁለቱም ድምፅ ከፍ ብሏል።

ማዘንና ተስፋ መቁረጥ የበሽታው አካል እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም፤ በመድኃኒትም ይታከማል። አዲስ አበባ በወይዘሮ ክብራ ከበደ የተመሠረተ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ፤ ከእርሱ ጋር መገናኘት ለታማሚውም ለአስታማሚውም ብቸኝነትን ያቀልላል።

ደረጃ 7፦ ሳይዘገዩ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ሁኔታዎች

ሲበሉ ደጋግሞ ትን ካላቸውና ሳልና ትኩሳት ከተከተለ፣ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ይህ በዚህ በሽታ ብዙዎችን የሚገድል ነው። ለመከላከል ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት፣ ጉርሻውን አሳንሰው ይብሉ፤ ሲያላምጡም አያናግሯቸው። ወድቀው ዳሌያቸውን ወይም ጭንቅላታቸውን ቢመቱ፣ ድንገት ግራ ቢጋቡ፣ ኪኒናቸው ተቋርጦ ሰውነታቸው ቢደርቅና ቢያተኩስ ለነገ አይባልም።

ለሌላ ሕመምም ሆስፒታል ቢተኙ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ሁለቱን ቁጥሮችና የሚወሰድበትን ሰዓት፣ ከሥሩም «ፕላሲልና ሃሎፔሪዶል አይሰጥ» የሚል የተጻፈበት ወረቀት ለተረኛዋ ነርስ ይስጡ። የአባቴ ወረቀት በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሁልጊዜ ከመታወቂያቸው ጋር በደረት ኪሳቸው ይቀመጣል።